ማን ይጎትታል? ከከሰል ጉድጓድ እስከ መዝናኛ ጋሪ፦ የድንክ ፈረስ ታሪክና የመጀመሪያ ገዢ አራት ጥያቄዎች

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከታሪክ ጉባኤ ይልቅ ለከብት ገበያ የሚስማማ ሳይመስላችሁ አይቀርም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ከአንድ ሜትር በታች ቁመት ያለው ፈረስ ገዝተው፣ በሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ላይ ጠምደው፣ በገጠር መንገድ የሚንሸራሸሩ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ፈረስ ሲገዙ የመጀመሪያቸው ነው። በዕድሜ የገፉና ኮርቻ ላይ መውጣት የከበዳቸው፣ ሰፊ መሬት የሌላቸው፣ ትልቅ ፈረስ የሚያስፈራቸው ሰዎች በብዛት ይገኙባቸዋል። እነዚህ ገዢዎች ሻጩ ዘንድ ሲደርሱ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ዕድሜው ስንት ነው? ቁመቱስ? ዘሩ የት ተመዝግቧል? ምን ያህል ይጎትታል?

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው እነዚህ አራት የገበያ ጥያቄዎች አራት የታሪክ ሰነዶች መሆናቸውን ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ባለፉት 200 ዓመታት ውስጥ ሕግ የወጣበት፣ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ሕይወት የጠፋበት ክርክር ቅሪት ነው። የክርክሩም ሥር አንድ ጥያቄ ነው፦ ሸክሙን ማን ይጎትታል?

ስለ አጠራር አንድ ነገር ላስቀድም። «ድንክ ፈረስ» ስል ለትንሽነቱ ተመርጦ የተዳቀለውንና ቁመቱ በመዝገብ ሕግ የተወሰነውን ዝርያ ማለቴ ነው። «ፖኒ» የምለው ደግሞ ከእርሱ በመጠኑ ከፍ የሚለውን፣ የድንክ ፈረስ ዋነኛ የዘር ምንጭ የሆነውን የሼትላንድ ደሴቶች ፈረስ ነው። በሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ ድንክ ፈረስ የአውሮፓ ቤተ መንግሥታት መጫወቻ ነበር የሚል ትረካ ይዘወተራል። እኔ ግን የቤተ መንግሥቱን ወሬ ለማስታወቂያው ትቼ የድንጋይ ከሰሉን መዝገብ እከተላለሁ።

አንደኛው ጥያቄ፦ ዕድሜው ስንት ነው?

በሐምሌ ወር 1838 በእንግሊዝ አገር በዮርክሽየር አውራጃ፣ ሲልክስተን በተባለች መንደር አቅራቢያ ብርቱ ዝናብ ጣለ። ሃስካር በተባለው የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ልጆች በአንድ የመተንፈሻ ዋሻ በኩል ለመውጣት ሲሞክሩ ጎርፍ ገብቶ 26ቱን ገደላቸው። ትንሹ የ7 ዓመት፣ ትልቁ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከሟቾቹ 11ዱ ሴቶች ልጆች ነበሩ።

እነዚህ ልጆች ከመሬት በታች ምን ይሠሩ ነበር? ትንንሾቹ የአየር መቆጣጠሪያ በሮችን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከፍ ያሉት ከሰል የተጫነበትን ጋሪ ይገፋሉ ወይም ወገባቸው ላይ በታሰረ ጠፍርና ሰንሰለት እየዳኹ ይጎትታሉ። ምክንያቱ የጉድጓዱ ጂኦሎጂ ነው። የከሰሉ ንጣፍ ቀጭን በሆነበት ቦታ ዋሻውን ከፍ አድርጎ መቆፈር ማለት የማይሸጥ ድንጋይ ማውጣት ማለት ነው፤ ስለዚህ ባለሀብቱ ዋሻውን ዝቅ ያደርግና ለዋሻው የሚመጥን አካል ይፈልጋል። ዝቅተኛ ዋሻ የሚመጥነው አካል ደግሞ የልጅ አካል ነው።

በ1840 የልጆችን የሥራ ሁኔታ የሚመረምር መንግሥታዊ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1842 ያወጣው ዘገባም ልጆች በሰንሰለት ታስረው ሲጎትቱ የሚያሳዩ ሥዕሎችን ይዞ ነበር። አንባቢው ሕዝብ ደነገጠ። በሎርድ አሽሊ ግፊት በዚያው ዓመት የጸደቀው የማዕድን ሕግ ሴቶችን በሙሉና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ።

ልጆቹ ከዋሻው ቢወጡም ዋሻው እንደ ዝቅተኛ ቀረ፤ ከሰሉም መውጣቱን አላቆመም። ፈረስ በእንግሊዝ ሰሜናዊ ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ቢሆንም፣ ለዝቅተኛ ዋሻ የሚሆን እጅግ አጭር ፈረስ በብዛት የተፈለገው ከ1842 ወዲህ ነው። እርግጥ ሕጉ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ጉድጓዶቹ እየጠለቁና እየረዘሙ ሄደው ነበር፤ በዋሻዎቹም ውስጥ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ቢሆንም ሕጉ የአንዱን ተሸካሚ ቦታ ባዶ ባደረገበት ወቅት፣ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች በብርድና በቀጭን ግጦሽ የኖረው አጭርና ብርቱ ፖኒ ለዚያ ቦታ ተገኘ።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ሊስተው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ሕጉ ልጆችን ሙሉ በሙሉ ከጉድጓድ አላወጣም። 10 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ወደ ጉድጓድ ተመልሶ ገባ፤ ይጎትት የነበረው ልጅ አሁን የሚጎትተውን ፖኒ ነጂ ሆነ። በእንግሊዝ የከሰል አካባቢዎች ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአንድ ወጣት የጉድጓድ ሕይወት የሚጀምረው ፖኒ በመንዳት ነበር። ልጁና ፖኒው አንድ ጨለማ፣ አንድ አቧራ፣ አንድ አደጋ ተካፈሉ። በመስከረም ወር 1880 በደርሃም አውራጃ በሲሃም የከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ ከ160 በላይ ወንዶችና ልጆች ሲሞቱ በርካታ ፖኒዎችም አብረዋቸው አልቀዋል።

ፖኒውን ራሱን የሚመለከት ዝርዝር ሕግ ጠንክሮ የወጣው በ1911 ነው። የዚያ ዓመት የከሰል ማዕድን ሕግ 4 ዓመት ያልሞላው ፈረስ ወደ ጉድጓድ እንዳይገባ፣ ከመግባቱም በፊት በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ ግላንደርስ ከተባለው ተላላፊ በሽታ ነጻ መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ ዓይነ ስውር ፈረስ እንዳይሠራ፣ ለ15 ፈረስ አንድ ጠባቂ እንዲመደብ አዘዘ። ሕጉ ሲወጣ በብሪታንያ ጉድጓዶች ውስጥ የነበሩት ፈረሶችና ፖኒዎች ቁጥር ወደ ጫፉ እየተቃረበ ነበር፤ በ1913 ገደማ 70,000 ደርሰዋል። የልጁን ዕድሜ ሕግ ከወሰነ ከ69 ዓመት በኋላ የፖኒው ዕድሜ ተወሰነ ማለት ነው።

ሕጉ የመረጠው ዕድሜ ከእንስሳው አካል ጋር ይገናኛል። የፈረስ የፊት ጥርሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ዓመት ተኩልና በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፤ አምስት ዓመት ሲሆነው አፉ ይሞላል። የአከርካሪው አጥንቶችም ለመጠናቀቅ ከዚያ ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የዛሬው ገዢ «ዕድሜው ስንት ነው?» ሲል አብሮ ሊጠይቅ የሚገባው ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ «ጋሪ ላይ መጀመሪያ የተጠመደው በስንት ዓመቱ ነው?» ድንክ ፈረስ አጭር ስለሆነ ቶሎ ያደገ ይመስላል፤ የሁለት ዓመት ውርንጭላ ሙሉ ፈረስ ይመስላል። አጥንቱ ግን እንደ ማንኛውም ፈረስ የራሱን ጊዜ ይጠብቃል። ጋሪ የለመደ፣ ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት ያላነሰ፣ የተኮላሸ ፈረስ ለመጀመሪያ ገዢ ይበጃል የሚባለውም ስለዚህ ነው። ሁለቱም ጀማሪ ሲሆኑ የሚጎዳው በአብዛኛው ፈረሱ ነው፤ አንዳንዴም ሁለቱም ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ቁመቱ ስንት ነው?

ከጉድጓዱ ወደ ደሴቱ እንመለስ። የከሰል ነጋዴዎች ከሼትላንድ የሚገዙት በተለይ ወንድ ፈረሶችን ነበር። ከሁሉ የበረቱት ድንጉላዎች በመርከብ እየተጫኑ ሲሄዱ በደሴቶቹ የቀረው የዘር ክምችት እየደከመ ሄደ። ገበያው ራሱ የሚፈልገውን ነገር እየበላው ነበር። በደርሃም የሲሃም ጉድጓድ ባለቤት የነበረው የሎንደንደሪ ማርኲስ ይህን ተረድቶ በ1870ዎቹ በሼትላንድ የብሬሴይን ከፊልና ትንሿን የኖስ ደሴት ተከራይቶ የራሱን የእርባታ ጣቢያ አቋቋመ። የእርባታው ዓላማ ከፍተኛ ክብደት፣ ሰፊ ደረትና ብርቱ አጥንት ያለው፣ ከመሬት ግን እጅግ የማይርቅ ፈረስ ማግኘት ነበር። በ1871 የተወለደው ጃክ የተባለው ድንጉላና ልጆቹ በዚህ እርባታ ውስጥ በብዛት አገለገሉ። እርባታው በ1899 ሲበተን እንስሳቱ ለሌሎች አርቢዎች ተሸጡ፤ ዛሬ በመዝገብ ያሉት የሼትላንድ ፖኒዎች አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ከዚያ ይደርሳል።

ፋብሪካ ማሽኑን ለሥራው በሚመች ልክ እንደሚያሠራ ሁሉ፣ ጉድጓዱም የሚፈልገውን አካል በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ አሠራ። የሼትላንድ ፖኒ የዘር መዝገብ ማኅበር በ1890 ሲመሠረት የቁመቱ ጣሪያ 42 ኢንች፣ ማለትም 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ውቅያኖስ ይሻገራል። ኤላይ ኤሊዮት የተባለ አርቢ በ1885 ፖኒዎችን ከሼትላንድ ወደ አሜሪካ አስገባ፤ የአሜሪካ ሼትላንድ ፖኒ ክለብም በ1888፣ ከእንግሊዙ የዘር መዝገብ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተመሠረተ። በአሜሪካም ፖኒው ከሰል ጎትቷል። ከዚያ ይልቅ ግን የልጆች መጋለቢያ፣ የሰልፍና የውድድር ፈረስ ሆነ። አሜሪካውያን አርቢዎች ሃክኒ ከተባለው፣ በሶምሶማው ከሚታወቀው ቀጭን የጋሪ ፈረስ ጋር እያዳቀሉ ወፍራሙን የጉድጓድ ፖኒ አቀጠኑት። በአርጀንቲናም የፋላቤላ ቤተሰብ በቦነስ አይረስ አቅራቢያ በራሱ መንገድ እጅግ አጫጭር ፈረሶችን ያረባ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሞተርና የኤሌክትሪክ ማጓጓዣ የጉድጓዱን ፖኒ ሥራ ወሰዱት። በብሪታንያ በትልልቆቹ የመንግሥት ጉድጓዶች የመጨረሻዎቹ ፖኒዎች ከኢሊንግተን ጉድጓድ የወጡት በ1994 ነው። ሥራው ሲቀር ትንሽነት ትርጉሙ ተለወጠ። በጉድጓዱ ዘመን አጭርነት የዋሻው ትእዛዝ ነበር፤ ከዋሻው ጣሪያ በታች ማጠር ምንም ትርፍ አልነበረውም፤ እንዲያውም ጉልበት ያጎድላል። በመዝናኛው ዘመን ግን ማጠር ራሱ ሸቀጥ ሆነ። በ1972 በአሜሪካው ፖኒ ክለብ ሥር የድንክ ፈረስ መዝገብ ተከፈተ፤ በ1978 ደግሞ ራሱን የቻለ የአሜሪካ ድንክ ፈረስ ማኅበር ተቋቋመ። የኋለኛው ማኅበር ጣሪያ 34 ኢንች፣ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊተኛው እስከ 34 ኢንች አንድ ምድብ፣ ከዚያ እስከ 38 ኢንች ሁለተኛ ምድብ አለው።

ይህ ቁጥር የሚለካበት ቦታ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ማንኛውም ፈረስ የሚለካው በትከሻው ላይ ካለው ከፍተኛ ጉብታ ነው። ድንክ ፈረስ ግን የሚለካው የጋማው የመጨረሻ ፀጉር ከበቀለበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ ከጉብታው ወደ ኋላና ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ያው ፈረስ በዚህኛው ልኬት አጥሮ ይመዘገባል። የመሬት ልኬትን ታሪክ ያጠናችሁ ተማሪዎች ይህን በሚገባ ትረዱታላችሁ፤ በጋሻ መሬት የሚለካው ገመድ በማን እጅ እንደነበረ ሳይጠየቅ ስለ ግብሩ መናገር አይቻልም። ድንክ ፈረስ ሲገዛም መለኪያው ከየት ተነሥቶ እንደተቀመጠ ሳይጠየቅ ስለ ቁመቱ መናገር አይቻልም። ለሚነዳ ሰው ደግሞ ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ጋሪውም ጠፍሩም የሚሠሩት በእውነተኛው አካል ልክ ነውና።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ዘሩ የት ተመዝግቧል?

ማጠር ዋጋ ሲያወጣ ከሁሉ ያጠረው ይመረጣል። በመዝናኛው እርባታ የመጀመሪያ ዘመናት፣ ያጠሩት በጤናማ አፈጣጠር ሳይሆን በአጥንት እድገት ጉድለት የሆነ ፈረሶች ጭምር ለዘር ውለዋል። ጉድለቱ ያለበት ፈረስ ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ይገዝፋል፣ እግሩ ይጣመማል፣ ጥርሱ አይገጥምም፤ መገጣጠሚያዎቹም ያሠቃዩታል። በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት በድንክ ፈረሶች የአግሪካን ዘረመል ላይ ከዚህ ጉድለት ጋር የተያያዙ አራት ለውጦችን ለይቷል። አሁን ጉድለቱን የሚያሳይ ምርመራ አለ።

የዚህ ዓይነቱ ውርስ ባሕርይ ተሸካሚው ጤነኛ መስሎ መታየቱ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ከአራት ውርንጭላዎች አንዱ ሊታመም ይችላል። የአባትና የእናት ስም የሚዘረዝር ወረቀት ይህን አይናገርም። የዘር መዝገብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጠረው «ይህ ፈረስ ከእነማን ተወለደ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። «የተወለደው ነገር ምን ይሸከማል?» ለሚለው ጥያቄ የተፈጠረ መሣሪያ አይደለም። ይህን ለተማሪዎቼ ስለ ሰነድ ምንነት ከማስተምረው አልለየውም፦ እያንዳንዱ ሰነድ የሚመልሰው ሲዘጋጅ የተጠየቀውን ነው።

ለጋሪ የሚገዛ ሰው ባያረባም ይህ ታሪክ ይመለከተዋል። ትንሽ መንጋጋ ውስጥ የተጨናነቁ ጥርሶች ልጓም የሚገባበትን አፍ ያሳምማሉ፤ ስለዚህ ፈረሱ ከመገዛቱ በፊት አፉ በሐኪም ይታያል። የኋላ ጉልበቱ ሎሚ የሚወጣና የሚገባ እስኪመስል የሚንሸራተት ከሆነ ለጎተታ አይሆንም። ቀጭን ግጦሽ በለመደ ደሴት የተፈጠረው አካል ለምለም መስክና እህል ሲያገኝ ይወፍራል፤ ሰኮናው ውስጥ ላሚናይቲስ የተባለው አሠቃቂ ብግነት ይነሣበታል። በድንገት መብላት ሲያቆም ደግሞ የገዛ ስቡ ወደ ደሙ ፈስሶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ብዙ ጀማሪ ባለቤቶች ፈረሳቸውን የሚጎዱት በማስራብ ሳይሆን በፍቅር አብልተው ነው። የሼትላንድ ክረምት የጻፈው አካል በአንድ ትውልድ የመስክ ምቾት አይሰረዝም።

አራተኛው ጥያቄ፦ ምን ያህል ይጎትታል?

ሻጮች ለዚህ ጥያቄ «ከክብደቱ በላይ» ብለው ይመልሳሉ። እውነት ነው፤ ግን የሚያሳስት እውነት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

ፈረስ ረጅም ሰዓት ሳይጎዳ ሊጎትት የሚችለው ኃይል ከገዛ ክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው የሚለው የቆየ የጎተታ ስሌት ነው። 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንክ ፈረስ እንግዲህ የ9 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ያለማቋረጥ ይሰጣል። ጋሪው ከነነጂው 120 ኪሎ ግራም ይሁን። ጠንካራና ደልዳላ መንገድ ላይ ጥሩ ጎማ ያለው ጋሪ የሚጠይቀው ኃይል ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ስለሆነ፣ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል። ፈረሱ እየተዝናና ይሄዳል። ያው ጋሪ ከመቶ አሥር እጅ ዳገት ሲወጣ ግን 12 ኪሎ ግራም ይጨመርበታል፤ ድምሩ 15 ይሆናል። በዚያ ላይ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ማንሣት አለበት። ለስላሳ አሸዋ ወይም ጭቃ ላይም ሜዳው ራሱ ዳገት ይሆናል።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ኪሎ?» ሳይሆን «በየትኛው መንገድ፣ ለስንት ሰዓት?» ነው። ቁልቁለትም የራሱ ጥያቄ አለው። ፈረሱን ከኋላ የሚይዘውና የጋሪውን ግፊት የሚያስቆመው የጭን ጠፍር ከሌለ ጋሪው የገዛ ፈረሱን ይገፋዋል። በጉድጓድ ውስጥ ከሐዲድ ያመለጠ የከሰል ጋሪ ስንት ፖኒና ስንት ነጂ እንደሰበረ ያወቀ ሰው ይህን ጠፍር እንደ ጌጥ አያየውም።

ወደ ሥልጠናውም ስንመጣ፣ መጎተት የፈረስ ተፈጥሯዊ ሥራ አይደለም። ፈረስ ከአዳኝ የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ ጋሪ ደግሞ ከኋላው እየተንኳኳ የሚከተለው፣ በሮጠ ቁጥር የሚሮጥ ነገር ነው። ፈረሱ መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ ጠፍሩን፣ ከዚያ ባዶ ዘንጉን፣ በመጨረሻ ጋሪውን እንዲለምድ በወራት ይሠለጥናል። ገዢው ሻጩ ራሱ ጠምዶ፣ በመኪና አጠገብ ነድቶ፣ አቁሞ፣ ፈትቶ እንዲያሳየው ሊጠይቅ ይገባል። ፈረሱ ቆሞ መጠበቅ መቻሉ ከመሮጡ ይልቅ ሥልጠናውን ይመሰክራል። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የተባለው ለዚህ ነው።

ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘን

በኢትዮጵያ ደጋ ፈረስ ለረጅም ዘመን የጋላቢና የጦረኛ እንጂ የጎታች እንስሳ አልነበረም። መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠራሉ፤ ቤተ መንግሥቱም ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረው። ጭነት የአጋሰስ፣ የአህያና የሰው ጀርባ ሥራ ነበር። ጎማ ዘግይቶ መጣ። አባ ታጠቅ፣ አጼ ቴዎድሮስ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከ1867 መጨረሻ እስከ 1868 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ መድፉ በጎማ ላይ ቢጫንም በጠፍር የጎተቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን በደርሃም ጉድጓድ የጎተተው ፖኒ ነው፤ በዮርክሽየር ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የጎተተው ልጅ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ «ኋላ ቀር» እና «ዘመናዊ» የሚሉት ቃላት ብዙ እንደማያስረዱን እናያለን። ይልቅስ በእያንዳንዱ ቦታ ማን እምቢ ማለት እንዳልቻለ ብንጠይቅ የበለጠ እንማራለን።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጋሪ ወደ ከተሞቻችን ገባ። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያደገ ሰው የጋሪ ፈረስ ኮቴ ድምፅ ያውቃል። ዛሬ ባጃጅ ቦታውን እየወሰደ ነው። ጋሪ ነጂው ፈረስ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ጥርስ ያያል፣ ሰኮና ያነሣል፣ ያስሮጣል፤ አራቱን ጥያቄዎች በራሱ ቋንቋ ይጠይቃል። ለእርሱ ግን ፈረሱ መዝናኛ አይደለም። የልጆቹ የዕለት ምግብ ነው። በጋሪ ፈረሶቻችን ላይ በስፋት የተጠናው፣ በቆዳና በሊምፍ ሥር ላይ ቁስል የሚያወጣው የፈንገስ በሽታ ጠፍር ካቆሰለው ቦታ በቀላሉ ይገባል። የታመመውን ፈረስ ከሥራ ማውጣት ማለት የቤተሰብን ገቢ ማቆም ማለት ስለሆነ በሽታው ከፈረስ ወደ ፈረስ ይዛመታል። የ1911ዱ የእንግሊዝ ሕግ ፈረሱ ሳይመረመር እንዳይሠራ ሲያዝ ወጪውን በጉድጓዱ ባለቤት ላይ ጥሎ ነበር። እኛ ዘንድ ተመሳሳይ ግዴታ ቢደነገግ ወጪውን የሚሸከመው ከፈረሱ ብዙ የማይሻል ኑሮ ያለው ሰው ይሆናል። ደንብ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲገለበጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

ማጠቃለያ

የ1842ቱ ሕግ መልካም ሕግ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ሆኖም ሸክሙን አላጠፋውም፤ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው፤ የተሸከመው እንስሳም ሕግ እስኪያስበው ድረስ ሁለት ትውልድ አለፈ። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ያንኑ አካል ለደስታችን አሳጠርነው። ዛሬ በአንድ የእንግሊዝ መንደር የመጀመሪያ ድንክ ፈረሱን የሚገዛ ሰው የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። አጥንቱ እስኪጠና የሚታገሥ፣ ከአጭሩ ይልቅ ጤነኛውን የሚመርጥ፣ ከወረቀቱ አልፎ የዘረመሉን ምርመራ የሚጠይቅ፣ ዳገት ሲያገኝ ከጋሪው ወርዶ በእግሩ የሚሄድ ገዢ ከሆነ፣ ገበያው በቀጣዩ ትውልድ ምን ዓይነት ፈረስ እንደሚያረባ በራሱ መጠን ይወስናል። የሎንደንደሪ ማርኲስ በሦስት አሥርት ዓመታት ያን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ የብዙ ሺህ ገዢዎች ምርጫ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊወስድ ይችላል።

ለተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ አለኝ። የእንግሊዝ የጉድጓድ ፖኒ ታሪክ ሊጻፍ የቻለው የመኖ ወጪ፣ የሐኪም ዘገባ፣ የአደጋ መዝገብና የነጂዎች ትዝታ ስለተጠበቁ ነው። የእኛ ጋሪ ነጂዎች ትዝታ ያለው በራሳቸው ዘንድ ነው፤ ባጃጁም እየፈጠነ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ወደ ጋሪ ማቆሚያ ሂዱ። ፈረሱን ከማን ገዙት? በስንት ብር? መጀመሪያ የጠመዱት በስንት ዓመቱ ነው? ሲያረጅስ የት ሄደ? ብላችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በጥንቃቄ መዝግቡ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።